ኃጢአት የሚያሸት ውሻ

አበልጄ ባላምባራስ ባዬ በዚህ ምድር ላይ የሚያምኑት ሁለት ነበር፤ እግዚአብሔርንና መርምርን። መርምር ውሻቸው ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ እግዚአብሔርንም አልፎ አልፎ ያማርሩታል፤ ዝናብ ሲዘገይ፣ ወይም ደጅ የጠኑበት ጉዳይ ሳይሳካ ሲቀር ሰምቻቸዋለሁ። መርምርን ግን አንድም ቀን ሲያሙት አልሰማሁም።

ቤታችን ጎንደር፣ ፊት አቦ ሰፈር ነው። የእኔንና የእሳቸውን ግቢ የሚለየው የቅንጭብ አጥር ሲሆን፣ አንድ ልጃቸውን ባንቺአየሁን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ሸዋአየሁ ስለሆንኩ፣ አጥሩ ለዶሮ እንጂ ለእኔ ተብሎ አልተተከለም። ባለቤታቸው እንኳየሁ «አንቺ የዚህ ቤት ነሽ ወይስ የዚያኛው?» እያለች ትቀልድብኛለች። ጊዜው ጣሊያን ወጥቶ ጃንሆይ የተመለሱበት፣ ጎንደር ላይ ማኪና ሲያልፍ ሰው ገና ከሥራው ቀና ብሎ የሚያይበት ዘመን ነበር።

መርምር ደረቱ ሰፊ፣ አንገቱ ወፍራም፣ ቡላ ውሻ ነው። ባላምባራስ «አዘዞ ከነበረው የጣሊያን ጦር ሰፈር የቀረ ዘር ነው» ይላሉ። እንኳየሁ ደግሞ ቡችላ ሳለ ጠዳ መንገድ ዳር መንገደኛ ሁሉ በድንጋይ ሲወግረው አግኝተው፣ አዝነው በጋቢያቸው ጠቅልለው እንዳመጡት ትናገራለች። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ባላምባራስ የጣሊያኑን እንጂ የድንጋዩን ታሪክ መስማት አይወዱም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ እህል ሻጭ ነው። ሰውየው ጤፍ ሊያወርድ ግቢ ገብቶ እጅ ሲነሳ መርምር ጭኑን ያዘው። ብዙም ሳይቆይ ያው ሰውዬ ቅዳሜ ገበያ ላይ በጎደለ ቁና ሲሰፍር ተያዘ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ባላምባራስን ማን ይቻላቸው። «መርምር ሰው አይነክስም፤ የሚነክሰው በሰው ውስጥ ያለውን ነው» ማለት ጀመሩ። አንድ ሰው በተነከሰ ቁጥር ጋቢያቸውን ከፍ አድርገው ተቀምጠው፣ የተነከሰው ሰው ምን አጥፍቶ እንደሆነ ያሰላስላሉ። ከሰው ላይ ጥፋት ፈልጎ የሚያጣ ደግሞ የለም፤ ደብተራ ከሆነ ድግምት አለበት፣ መበለት ከሆነች ምላስ አለባት፣ ሌላው ቢጠፋ አንድ የተጣላው ወንድም አይጠፋም። እንዲህ ያለ ሚዛን የያዘ ሰው ሲሳሳት የሚታይ አይደለም።

እኔንም አንድ ቀን ይዞኛል። ለእንኳየሁ እንቁላል ይዤ ስገባ አንዱ ወደቀና ላነሳ ጎንበስ ስል ቀሚሴን ከነጠላዬ ጋር ተረተረው። ባላምባራስ ሮጠው መጡና ያዙት። ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አበልጅ፣ ሰሞኑን ማንን አማሽ?» አሉኝ። ይባስ ብሎ ደግሞ ሰሞኑን የማማው እሳቸውን ነበር። ቀሚሴን ይዤ በአጥሩ በኩል ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ ንዴቴ ግን ሰንብቷል።

እሳቸውን እንደማይነክስ የታወቀ ነው። እግራቸው ሥር ተጋድሞ፣ ጆሮውን ሲያሹለት ዓይኑን የሚጨፍን፣ ከእጃቸው የሚጎርስ ውሻ እንዴት ተብሎ ይነክሳል? «እኔን ነክሶኝ ያውቃል?» እያሉ አገጫቸውን ወደ ላይ ቀና ያደርጋሉ። ቀና ማለት መቸም ልማዳቸው ነው። በአምስቱ ዓመት አርበኝነት ወገባቸው ላይ የቀረች ጥይት አለች፤ እሷ አታስጎነብሰኝም ይላሉ። ለሰው እጅ የሚነሱት በዓይናቸው ነው። እግራቸውን የምታጥባቸው እንኳየሁ ናት፣ የወደቀ ነገር የምታነሳላቸው ባንቺአየሁ። የንስሐ አባታቸው መምሬ ወልደ ገብርኤል እንደ ባሕር ዛፍ የረዘሙ፣ እሳቸው ደግሞ አጭር ስለሆኑ፣ መስቀሉ ራሱ ወርዶ ግንባራቸው ላይ ይደርስላቸዋል።

አሁን ወደ ክርስትና ልጄ ልምጣ፣ ይህ ሁሉ ስለ እሷ ነውና።

ባንቺአየሁን የሚፈልጋት አለነ የሚባል የጠዳ ልጅ ነበር። የቆሎ ተማሪ ሆኖ ልጅነቱን ጨርሶ፣ ከዚያ አዘዞ የማኪና ጥገና ለምዶ፣ እጁ ዘይት ዘይት ይሸታል። ከቤተ ክህነት ይዞት የወጣው ልማድ ግን አልለቀቀውም፤ ሰው ባየ ቁጥር ከወገቡ እጥፍ ብሎ እጅ ይነሳል። ለትልቅም ለትንሽም ነው። ማኪና ሥር ሊገባ ሲያጎነብስ እንኳ ለማኪናው እጅ የነሳ ይመስላል። እሷም ትወደዋለች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ሲያናግረኝ መልሴን ይጠብቃል» አለችኝ። የክርስትና ልጄ ነገር አታንዛዛም።

አለነ ከጠዳ ለእንኳየሁ የዘመድ መልእክት ይዤ መጣሁ ብሎ አንድ ቀን ብቅ አለ። ባላምባራስ እንደ ልማዳቸው ከደጃፉ ወይራ ሥር ተቀምጠዋል። ልጁ ባርኔጣ የለው፣ ኩራት የለው፤ በሩን እንዳለፈ ግንባሩ ጉልበቱን ሊነካ እስኪቃረብ ጎንበስ አለ። መርምር የኮቱን እጅጌ ይዞ ሄደ። ባላምባራስ አለነ እስኪወጣ አልጠበቁም፤ «ውስጡ ጨለማ ነው» አሉ።

በዚያው ሰሞን ዳኛው የሚባል ሌላ ፈላጊ መጣ። ዳኛው የእህል ነጋዴ ነው፣ የራሱ ማኪና ያለው። መጥፎ ሰው ነው አልልም፤ ብቻ አንገቱ አይታጠፍም። እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ገባና የባርኔጣውን ጫፍ በጣቱ ነካ አደረገ፣ ሰላምታው ይኸው ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ባላምባራስ እንዲህ ያለውን ባለጌ በዱላ ባስወጡት። መርምር ግን አንድ ዓይኑን ገልጦ አየውና መልሶ ተኛ። ባላምባራስ ፊታቸው በራ። «አየሽ አበልጅ» አሉኝ፣ «የሚደብቀው ስለሌለ ነው የማያጎነብስ።» ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ሲባል እሰማ ነበር፤ በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ባንቺአየሁ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። መጥረጊያ ይዛለች።

«እምዬ ሸዋ፣ ነይማ መርምርን እይው» አለችኝ።

ውሻው ከጎተራው አጠገብ ተኝቷል። እሷ ዝም ብላ በቀስታ ለመጥረግ ጎንበስ አለች። የመርምር ጆሮ ወደ ኋላ ተኛ፣ የላይኛው ከንፈሩ ተገለበጠና ጥርሱ ታየ። ቀና አለች፤ ከንፈሩ ተመለሰ። ከዚያ «መርምር፣ ወዲህ ነኝ» አለችውና እንደገና ጎነበሰች። አሁን ጅራቱን አንድ ጊዜ መሬት ላይ መታ አድርጎ ተወ።

«ሁልጊዜ ሳልጠራው አላጎነብስም» አለች። «ለምን እንደሆነ ግን አስቤው አላውቅም ነበር። አለነን ሲይዘው ነው የገባኝ። የጎነበሰ ሁሉ ድንጋይ የሚያነሳ ይመስለዋል።»

እኔ ለማመን የሚያስቸግር ሰው ነኝ። ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ፣ ቅንጭቡን ተማምኜ፣ መሬት የወደቀ ነገር እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ አልኩ። መርምር ከጎተራው ተነስቶ አጥሩ ላይ ሲደርስ የሰማሁት የራሴን ልብ ነው። ቀና ስል ግን ቆመ። ለካ ያን ቀን ቀሚሴን ያስቀደደኝ ሐሜት ሳይሆን እንቁላል ነው። እህል ሻጩም፣ ደብተራውም፣ መበለቷም ሁሉም ያጠፉት እንደ ጨዋ ልጅ እጅ መንሳታቸውን ነው። የጎንደርን ሰው እንዳያጎነብስ ማድረግ ደግሞ ዝናብን ወደ ላይ ዝነብ እንደ ማለት ነው።

ባንቺአየሁ ለአባቷ ነገረቻቸው። ባላምባራስ እስኪያስላቸው ሳቁ። «መርምር የሰውን ነፍስ እንጂ ወገብ አይመረምርም» አሉ። ልጅ ባል ስትፈልግ ብዙ ታመጣለች ብለው ለእንኳየሁ ነገሯትና ነገሩ በሳቅ ቀረ።

ለአለነም ላከችበት፤ ሽማግሌዎችህ ሲመጡ አያጎንብሱ አለችው። አለነ ለአጎቱ ለአያ ነጋ ነገረው። አያ ነጋ ጠዳ ውስጥ ሰው ሲጣላ የሚጠራ፣ እርሻውን ከሰው ድንበር አንድ ስንዝር ያላሳለፈ ሽማግሌ ነው። «ልጅ ልለምን ሂጄ አንገቴን ላገትር?» አለ አሉ። «ለውሻ ብየ ባለጌ አልሆንም።» እንግዲህ ምን ታደርገዋለህ? ካልጎነበሱ ባላምባራስ ይቆጣሉ፣ ከጎነበሱ መርምር አለ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ባንቺአየሁ ከጓዳ ወጥታ «አባዬ፣ ለዛሬ ብቻ መርምርን ይሰሩት» ብላ ለመነቻቸው።

«እንግዳ ሲመጣ መርምርን ማሰር ዳኛ አስሮ ችሎት መቀመጥ ነው» አሏት።

አያ ነጋ ከፊት ሆኖ ገባ። በሰላም መምጣቱን ለማሳየት ዱላውን ደጃፉ ላይ ሊያጋድም ዝቅ አለ፣ ከዚያው ሳይነሳ እጅ ነሳ። መርምር ሳይጮህ ሄደ። የዚያ ውሻ ክፋቱ ይኸው ነበር፤ ጩኸቱን ለጅብ ነው የሚያስቀምጠው። ሽማግሌውን ባቱ ላይ ይዞ ጣለው። ባላምባራስ ደርሰው ጆሮውን ይዘው እስኪጎትቱት ድረስ ሥጋው ተበጥሷል። በነጠላዬ አሰርኩለት፤ ነጠላው ወዲያው ቀላ። አሁን ስናገረው ቀልድ ይመስላል እንጂ ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ባልከፋ። ባላምባራስ መርምርን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ውሻውም እንደ በግ ዝም ብሎላቸው፣ መሬት የተዘረጋውን ሽማግሌ እያዩ «አያ ነጋ፣ ምን ቢያጠፉ ነው?» አሉ።

አብረውት የመጡት ሁለት ሽማግሌዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«እኔማ እጅ ነሳሁ» አለ አያ ነጋ። «ሌላ ምን አረግሁ?»

ተሸክመው ወሰዱት። ሐኪም ቤት ሰንብቶ ቁስሉ ዳነ፤ ውሻው አብዶ ይሆን ብለን የፈራነውም አልሆነም። ያልዳነው ሌላው ነው። የባላምባራስ ቃል ከእሱ ቀድሞ ጠዳ ገባ። ሰው ማውራት ይወድ የለ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስታርቅ የኖረ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ሰዉ ሹክሹክታ ጀመረ። አምና የጠፋው የጎረቤት በሬ ወሬ ተነሳ። የድንበር ድንጋይ ነገር ተነሳ። አለነ ይህን ሲነግረኝ እንባው ቀርቦ ነበር። «እግሩንስ ችሎታል» አለኝ፣ «ሰው እያየው የሚያስበውን ነው ያልቻለ።» የአያ ነጋ ወንድሞች ጠመንጃ ወልውለው ውሻውን ወይ ባለቤቱን ሲሉ፣ እሱ ራሱ ነው የያዛቸው።

መምሬ ወልደ ገብርኤል መሃል ገቡ። አያ ነጋ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ደሜ በፈሰሰበት ደጅ፣ ያ ቃል በተነገረበት፣ ደንጊያ ተሸክመው ይጠይቁኝ። እዚያ ነው ይቅር የምል» አለ። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የተበደለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪለው ይቆማል። ባላምባራስ መጀመሪያ ወገቤ አሉ። ቀጥለው ጥይቷን አነሱ። መምሬ «እንግዲያስ ቁርባንዎን ያስቡበት» ሲሏቸው ጥይቷ ትንሽ ለዘብ አለች።

ተስማሙ፣ ግን በራሳቸው መንገድ ነው። «ድንጋዩን እሸከማለሁ፤ ልጄን ግን ለዳኛው ሰጥቻለሁ» አሉ። «እርቅ ሌላ፣ መርምር ያየው ሌላ።» የዳኛው ሽማግሌዎች ከእርቁ ማግስት መጥተው ቁርጡን እንዲሰሙ ተቀጠሩ።

በእርቁ ዋዜማ ከሰዓት ባንቺአየሁ አጥሩን ተሻግራ እኔ ቤት መጣችና አለቀሰች። ስታለቅስ አይቻት የማላውቅ ልጅ ነች። የእኔ ንዴት ደግሞ ከሐዘኔ ይቀድማል። «ስሚኝ» አልኳት፣ «ዳኛው ነገ ዛሬ ብቅ ማለቱ አይቀርም። አንቺ የባርኔጣውን ጫፍ በመጥረጊያ እንጨት ነካ አድርጊና ይውደቅ። ሊያነሳው ጎንበስ ይበል። አባትሽ በራሳቸው ዳኛ ይፍረዱበት።» አሁንም ቢሆን ሸጋ ሐሳብ ይመስለኛል።

ዓይኗን ጠርጋ አየችኝ። «ሰው በውሻ አላስነክስም» አለች። «እኔን የሚያሳስበኝ አባዬ ናቸው። ነገ ጎንበስ ሊሉ ነው እኮ። ድንጋይም ሊያነሱ። ይሰሩት፣ ካልሆነም ጠርተውት ያጎንብሱ ብያቸው ‹በእጄ ያጎረስኩት እኔን?› ብለው ሳቁብኝ።»

ልታጣው ስለሆነው ሰው ስታለቅስ መስሎኝ ነበር። ለካ ለሚያሳጧትም ጭምር ኖሯል። አፈርኩ። ማፈሬን ግን አልነገርኳትም፤ ሽሮ አቀረብኩላትና በላን።

በነጋታው ረፋድ ላይ ሰው ተሰበሰበ። አያ ነጋ በበቅሎ መጥቶ ዱላውን ተደግፎ ከበሩ ገባ ብሎ ቆመ፤ አሁን ማንም ጎንበስ በል ያለው የለም። አለነና ሁለቱ ሽማግሌዎች ከኋላው ናቸው። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው መሃል ቆመዋል። እኔና እንኳየሁ ግድግዳ ተደግፈናል፤ ባንቺአየሁ ከደጃፉ ምሰሶ አጠገብ። መርምር ወይራው ሥር ከቦታው ተጋድሞ፣ እንደ ትልቅ ሰው እጁን አጣምሯል።

«ውሻው ይታሰር» አሉ መምሬ።

«ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም» አሉ ባላምባራስ። «እሱ ያየውን አይቷል።»

የአያ ነጋ ፊት ሲጠቁር አየሁት። ባላምባራስ ይቅርታ ሲጠይቁ እንኳ ስድቡን ጨመሩበት። ሽማግሌዎቹ ሊያጉረመርሙ ሲሉ መምሬ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። «እሺ፣ ድንጋዩን ያንሱ» አሉ።

ባላምባራስ ወደ እንኳየሁ ዞሩ፤ አንስታ እንድታሸክማቸው ነው። መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የራስዎን በደል ራስዎ ያንሱ።»

ባላምባራስ ጋቢያቸውን አደገደጉ። ወገባቸውን ያዙ፣ ተነፈሱ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወረዱ። ጥይቷ ምንም አላለችም፤ እንደ ሌላው ሰው ወገብ እጥፍ አለ። ዓይናቸው አያ ነጋ ላይ ነው፣ ቃላቸውን ጀምረዋል፤ «ስለ እግዚአብሔር ብለው» እያሉ ነው። መርምር በዕድሜው አንድም ቀን ጌታው ሲያጎነብሱ አላየም። አሁን ግን አንድ እጅ ወደ መሬት ሲወርድ አየ፣ ድንጋይ ይዞ ሲነሳም አየ። ቡችላ ሆኖ ጠዳ መንገድ ላይ ያየው ያንኑ ነበር።

«አባዬ፣ ይጥሩት» አለች ባንቺአየሁ። አልደረሰችም። መርምር ሳይጮህ ሄዶ ክንዳቸውን ያዘ። ድንጋዩም እሳቸውም አብረው ወደቁ። እንኳየሁ ጮኸች፣ ሽማግሌዎቹ ዱላ አነሱ፤ ዱላው ሲነሳ ውሻው የባሰ ነቀነቃቸው። አለነ ባዶ እጁን ዘሎ መሃል ገባና ኮቱን አውልቆ በውሻው ራስ ላይ ጣለበት። ባንቺአየሁ ደርሳ፣ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ፣ «መርምር፣ ወዲህ ነኝ» አለችው። ለቀቀ። ከኮቱ ሥር ወጥቶ እግሯ ሥር ተኛና ጅራቱን መሬት መታ አደረገ። ምንም ያጠፋ አልመሰለውም።

ባላምባራስ ተቀምጠው ክንዳቸውን አዩት። ደሙ በጣቶቻቸው መሃል ይወርዳል። ውሻውን አዩት። ከዚያ እኛን አዩን። ግቢ ሙሉ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፣ እሳቸውም የምናስበውን ያውቁታል፤ ራሳቸው ናቸው ያስተማሩን። አያ ነጋ ቃሉን የመመለስ መብት ነበረው። ሁላችንም አፉን አየን።

አያ ነጋ እያነከሰ ሄዶ አጠገባቸው ደረሰ። «ባላምባራስ፣ እኔ ምን ቢያጠፉ ነው አልልዎትም» አለ። «ሕመሙን አውቀዋለሁ። ይቅር ለእግዚአብሔር ብያለሁ፤ ደንጊያውም ይቅር።» እጁንም ዘረጋላቸው።

እሱ ቅዱስ ሰው ነው። እኔ አይደለሁም። የተተረተረ ቀሚሴ ትዝ አለኝና «አበልጄ» አልኩ፣ «ሰሞኑን ማንን አሙ?»

መጀመሪያ የሳቁት መምሬ ናቸው፣ በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፍነው። ከዚያ እንኳየሁ እያለቀሰች ሳቀች። ባላምባራስ አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። የአያ ነጋን እጅ ይዘው ሳይነሱ ቆዩ። ያን ጊዜ ትንሽ አዘንኩላቸው፤ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የተማመነበት ነገር በአንድ ጊዜ ከእጁ ሲወጣ ማየት ደስ አይልም።

ባንቺአየሁ ተንበርክካ ክንዳቸውን ታስር ጀመር። ከመንበርከኳ በፊት የውሻውን ስም ስትጠራ ሰሙ። ዓይናቸው እሷ ላይ ቀረ።

«ነግረሽኝ ነበር» አሉ።

«ነግሬዎት ነበር አባዬ።»

«እንዲህ ያለውን ነገር ከየት አወቅሽው?»

«አየሁት። በየቀኑ አየዋለሁ።»

ጨርቁን ስታጠብቀው ትንሽ ጠቅ አደረጋቸው። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለእሷ ብቻ የሚሰማ መስሏቸው፣ «ለመሆኑ አንቺ የምትፈልጊው ማንን ነው?» አሉ።

እንኳየሁ ክንዴን ጨበጠችኝ። በዚያ ግቢ ስለዚያች ልጅ ባል ስንት ችሎት ተቀምጧል፤ ውሻው በየጊዜው ተጠይቋል፣ እሷን የጠየቃት ግን አልነበረም። ባንቺአየሁ ቋጠሮውን ጨርሳ ቀና አለች።

«አለነን» አለች።

ባላምባራስ አለነን አዩት። ኮቱ የውሻ ምራቅ ሆኖ በእጁ ተንጠልጥሏል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ልጁ ያስተማሩትን ነው የሚያውቀው፤ ትልቅ ሰው ሲያየው ምን እንደሚደረግ ወገቡ ከጭንቅላቱ በፊት ያስታውሳል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሊያጎነብስ ጀመረ። የመርምር ጆሮ ወደ ኋላ ተኛ።

«ተው ልጄ» አሉ ባላምባራስ ባዬ የታሰረ እጃቸውን እያነሱ፤ «ቀና በል።»

ሽማግሌዎቹ «ልጄ» የምትለውን ቃል እንደ እሺታ ይዘው ሌላ መልስ አልጠየቁም።